የጋሽ ግራም ቤት በሐይቁ መሀል

ገበያ ውስጥ ሚዛን ያለው ነጋዴ ሁሉ ጋሽ ግራም ብቅ ሲል አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ ያነሳል። ሰውየው ተቆጣጣሪ ሆኖ አይደለም፤ ሚዛን ጠጋኝ ነው። ግን ዓይኑ ክፉ ነው። በሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ያደርግና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እመቤት፣ ያቺ ሚዛንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ገዢና ሻጭ ሲተናነቁ እሱ ማዕዘኑን ታጥፏል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ደግሞ ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

እንግዲህ የሰውን ሚዛን ሲያቃና የኖረ፣ በአንዲት ግራም ጉዳይ ምሳውን የሚተው ይህ ሰው ነው የገዛ ቤቱን ሐይቅ ውስጥ የጣለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ግራም ከሥራ መልስ ጋደም የሚልበት ወንበር ፊት ለፊት ሬዲዮ አለ። ዜና የሚሰማበት አይደለም። ፈቃድ አውጥተው፣ በገዛ ጣሪያቸው ላይ አንቴና ተክለው፣ ከሥራም ከዝናም ሳይቆጠርላቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩ አማተር የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ሬዲዮው የእነሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ድሮ «ትሰማኛለህ?» «አሳምሬ!» ከተባባሉ ጠግበው ይተኙ ነበር። ኋላ ግን መሰማት አነሳቸውና መታየት አማራቸው። ከሳተላይት ቦታዋን የምታነብ ትንሽ ሳጥን ከሬዲዮው ጋር አያያዙ፤ ሳጥኗ በየጥቂት ደቂቃው «እዚህ ነኝ» ትላለች፤ ኮረብታው ላይ የተተከለው አስተላላፊ ይቀበልና ለሁሉም ያዳርሳል፤ በየቤቱ ስክሪን ላይ ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ ሁሉም ይታያል። የሚነዳው እንደ ትንሽ መኪና፣ የሚራመደው እንደ ትንሽ ሰው፣ ቤቱ የተቀመጠው እንደ ትንሽ ቤት ሆኖ። የቀረው ዓለም ያለበትን ለመደበቅ ሲዋሽ ይውላል፤ እነዚህ ግን ያሉበትን ለማሳወቅ ተፈትነው ፈቃድ ያወጣሉ።

ቤት ስለማይሄድ ሳጥን አያስፈልገውም። ቁጥሩን አንዴ በእጅ አስገብቶ መተው ነው። ጋሽ ግራምም አስገባ። መሣሪያው የሚጠብቀው ዲግሪና ደቂቃ ነበር፤ ደቂቃ ደግሞ እንደ ሰዓቱ ደቂቃ ከስልሳ ይቆጠራል። ጋሽ ግራም የሰጠው ከመቶ የሚቆጠረውን ክፍልፋይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኪሎን ለሺህ ሲከፍል የኖረ ሰው፣ ለስልሳ የሚከፈል ነገር በዓለም ላይ አለ ብሎ አላሰበም። ቁልፉን ሲጫን ትንሿ ቤት ከሰፈሯ ተነሳች፣ ገበያውን ዘለለች፣ አውራ ጎዳናውን ተሻገረች፣ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል የሚሄድበትን መንገድ በቅጽበት ጨርሳ ሐይቁ መሀል ቦጭረቅ አለች።

ይህን መጀመሪያ ያየው ማኅበሩ ነው። የከተማው የአማተሮች ማኅበር አሥራ አንድ አባላትና ዘጠኝ ሥራ አስፈጻሚዎች አሉት። ሥልጣን ያልደረሳቸው ሁለቱ ሰፊው ሕዝብ ናቸው፤ አንዱ ጋሽ ግራም ነው፣ ሌላው ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ሲሆን ጆሮው አይሰማም። አዎ፣ የሬዲዮ ማኅበር አባል ነው፤ ጆሮው አይሰማም፤ ካርታ ከመጣ ወዲህ ግን ከሁሉም በላይ የሚተጋው እሱ ነው። ሊቀመንበሩ መጋዘን ሲያስተዳድሩ ኖረው በክብር የተሰናበቱ፣ ሻይ እንኳ ሲያዙ «በአንደኛ ደረጃ ስኳሩን እንመልከት» የሚሉ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ» አሉት ሊቀመንበሩ በሬዲዮ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም ጌታዬ። ምነው?»

«ቤትህ እኮ ሐይቅ ውስጥ ነው ያለው!»

ዘጠኙም ሥራ አስፈጻሚዎች በየተራ ሳቁ፤ በሬዲዮ አብሮ መሳቅ ክልክል ነው፣ ድምፅ ይደራረባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበሩ ዘንድ ስሙ ዓሣው ሆነ።

ጋሽ ግራም ፊቱ በርበሬ መስሎ ስህተቱን ሊያርም ተቀመጠ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደርሷል። ያኔ ነው ሬዲዮው ጢው ብሎ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ የወጣው። በዚህ መሣሪያ ከቦታ ሌላ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል።

«ጌታዬ፣ በሳሎንዎ ውስጥ እያለፍኩ ነው። ጫማ ላውልቅ?»

ካርታውን አየ። በሐይቁ መሀል፣ በትንሿ ቤቱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ ቆማለች። ከወዲህ ዳርቻ ወደ ወዲያኛው ሰውና ዕቃ የምታመላልሰው ጀልባ ነች። የሐይቁ ሰዎች ባለጀልባዋ የሚሏት አንዲት ሴት እንደምትነዳትና ሬዲዮ እንዳላት ሰምቷል፤ ድምፅዋን ግን ሰምቶ አያውቅም።

ጋሽ ግራም ሴት ሲያናግር ምላሱ የሚተሳሰር ሰው ነው። ያላገባውም ለዚሁ ነው፤ እህቱ ግን «ሁሉን መዝኖ፣ ለሴት የሚሆን ሚዛን ጠፍቶበት» ትላለች። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ተነሳ።

«ምን ሆነሃል? ጉንዳን በላህ?» አለችው እህቱ ከበሩ። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ጋር ትኖራለች፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ስትሰፋ ትውላለች፤ መርፌዋ ከምላሷ ይደንዛል።

«እትዬ፣ ሰው… ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ጫማ ላውልቅ ወይ ብሎ።»

«ታዲያ መልስ ስጣ! ሰው በር ላይ አቁመህ ነው እንዴ የምትርመጠመጠው?»

ጻፈ። አጠፋ። እንደገና ጻፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

«አያውልቁ። ወለሉ እርጥብ ነው።»

ካርታው ላይ ጀልባዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ቆየት ብሎ መልስ መጣ፦ «ስቄ ስቄ መሪውን ለቅቄ ነበር። ተሳፋሪዎቼ ነገር አለ ብለው ተነሱ።»

በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ሴት አስቆ የማያውቅ ሰው፣ ጀልባ ሙሉ ሕዝብ አስደነገጠ። ቤቱን ማረሙን ለነገ አሳደረው። ነገ ደግሞ የራሱ ነገ አለው።

ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ስትሻገር በሳሎኑ ሳታልፍ አትሄድም። ቀጥተኛው መስመር ሌላ ነው፤ እሷ ግን መሪዋን ሰበር አድርጋ ትመጣለች። «ዛሬ በጓሮዎ በኩል ነው ያለፍኩት። ልብስ አላሰጡም።» እሱም «እዚህ ቤት ልብስ አይደርቅም» ይላል። «አንድ ፍየል ጭኛለሁ። ግቢዎ ሣር አለ?» «አለ፤ ግን ትጥለቅ።» እንዲህ ሲባባሉ ወር አለፈ። ጋሽ ግራም ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ። ማን ሊያየው? አትጠይቁት። ጽሑፍ ሊልክ ሲቀመጥ ፀጉሩን ያበጥራል።

መቼም ያን የሬዲዮ መልእክት ማንም እንደሚያነበው ረስቶት አይደለም። በአማተር ሬዲዮ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ሕጉ ራሱ ሁሉም ነገር በግልጽ ይነገር ይላል። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በሙሉ እራቱን የሚበላው ጀልባዋ ምን እንዳለች ካነበበ በኋላ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን «የሕዝብ ሞገድ ለግል ጉዳይ መዋሉ አሳሳቢ ነው» እያለ ያጉረመርማል። እህትየው ግን ተደብቃ አታነብም። መቀሷን ይዛ መጥታ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች።

«ሙሽሪት ዛሬ ዘገየች።»

«እትዬ፣ ተይ እንጂ! ንፋስ ይዟት ነው።»

«አንተን የሚይዝህ ንፋስ ይጥፋ! ስልክ ቁጥሯን ለምን አትጠይቃትም?»

«ሰው ይሰማል።»

«ሰውማ ሰምቶ፣ አዳንቆ፣ ልጅ እየጠበቀ ነው!»

ወዲያው መዓት መጣ። መዓት በደብዳቤ ሳይሆን በስብሰባ ነው የሚመጣው። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ ማተሚያ ቤት ጀርባ በምትገኝ፣ ቀለም ቀለም በምትሸት ክፍል ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው አበሰሩ፦ ቅዳሜ ከአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ጎርፍ ወይም እሳት ቢነሳ ስልክ ሲቋረጥ አማተሮች የነፍስ አድን ሠራተኞችን በካርታ ላይ መከታተል እንደሚችሉ ሊያሳዩአቸው ነው። እንግዶቹ ካመኑ ማኅበሩ መደበኛ አጋር ይሆናል።

«በዚህ ታሪካዊ ወቅት» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ካርታችን ላይ ሐይቅ ውስጥ የተሠራ መኖሪያ ቤት ቢታይ፣ ምን እንባላለን? ሰው የት እንዳለ እንነግራችኋለን እያልን፣ የራሳችን አባል ውሃ ውስጥ ሰምጦ!» ቀጥሎም ወረቀት አውጥተው ማስረጃ አነበቡ፣ በሞተ ድምፅ፣ እንደ መጋዘን ዕቃ ዝርዝር፦ «ጫማ ላውልቅ። አያውልቁ። ወለሉ እርጥብ ነው።» ዘጠኙ ሥራ አስፈጻሚዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «ይህ አካሄድ በጥብቅ ይወገዛል!»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ዓሣው እስከ ዓርብ ቤቱን ወደ እውነተኛ ቦታው ያነሳል፤ አለዚያ የኮረብታው አስተላላፊ የእሱን ጥሪ እንዳያስተጋባ ይዘጋበታል። የባቡር ሠራተኛው ብቻ እጁን አላወጣም፤ ያም ምን እንደተባለ ስላልሰማ ነው፤ ዝምታው እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

ጋሽ ግራም አልተከራከረም። በምን አፉ? ስህተት ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው ሚዛኑ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ቢሠራ ገበያ መሀል ያዋርደው ነበር። የከነከነው ሌላ ነው። ባለጀልባዋ በየቀኑ መሪዋን ሰበር የምታደርገው ለቤቱ ነው፤ በውሃ ላይ ለቆመችው አስቂኝ ቤት። ቤቲቱ ከተነሳች በባዶ ውሃ ላይ ምን ሊያቆማት? ለእሱ ለራሱ ብሎ መንገዱን ያጠመመለት ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሰዎች ሲያዩት የሚያነሱት አውራ ጣታቸውን ብቻ ነው።

ዓርብ ከሥራ መልስ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ጻፈ፦ «ቤቴን ላነሳ ነው። ነገ ሳሎኑን ቢያጡት ይቅርታ። ያን ሁሉ ጊዜ ስላለፉበት አመሰግናለሁ።»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ሬዲዮኛ ሁሉ የሚላት፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ማኅተም ያለች ቃል፦ «ተቀብያለሁ።»

«ይኸው ነው?» አለች እህቱ።

«ይኸው ነው።» ትክክለኛውን ቁጥር በዲግሪና በደቂቃ አስገባ። ትንሿ ቤት ከውሃው ወጥታ ሰፈሯ ገባች። እህቱ ከምትሰፋበት ክፍል ላይ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት ክንድ ሳትዛነፍ። በሕይወቱ እንዲህ በልኩ ሠርቶ እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

ቅዳሜ የማኅበሩ ክፍል ተጠርጎ፣ ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እንግዶቹ መጡ። የአደጋ መከላከል ኃላፊዋ ረጅም፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት፤ አንድ ረዳት ይዛለች። ጋሽ ግራም ጥግ ላይ፣ ቀበቶው ላይ ትንሿን ሳጥን ሰክቶ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ አባል ካርታው ላይ እንዲታይ ታዟላ።

«በዚህ ካርታ ላይ የምታዩት እያንዳንዱ ነጥብ» አሉ ሊቀመንበሩ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው፣ «የተረጋገጠ፣ የተመረመረ፣ ከእውነታው ጋር የተጣጣመ ነው። ስህተት በኛ ዘንድ ቦታ የለውም!»

በዚህ ጊዜ ጀልባዋ ከሐይቁ ወጣች።

ዳርቻው ላይ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ አውራ ጎዳናውን ይዛ ወደ ከተማው መቅዘፍ ጀመረች። ድልድዩን ከሥር ሳይሆን ከላይ አለፈችው። ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ጥቂት አረፈችና እንደገና ነጎደች።

ኃላፊዋ ቅንድቧን አነሳች። «ጀልባዋ አስፋልት ላይ ናት?»

ሊቀመንበሩ ዘወር አሉ። ጠጋ ብለው ስክሪኑን በደረታቸው ሊከልሉ ሞከሩ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» አለች ኃላፊዋ፣ «ጀልባዋ ተሸፈነችብኝ።»

«ይህ… ይህ የጎርፍ ልምምድ ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ያቆያቸው ይኸው ችሎታ ነው። «ውሃው ከተማው ቢደርስ ብለን…»

«እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው!» ብላ ኃላፊዋ ወንበሯን አስጠጋች። ረዳቷ ማስታወሻ ያዘ። ዘጠኙ ሥራ አስፈጻሚዎች በአንድ አፍ ልምምዱን ያቀዱት ራሳቸው መሆናቸውን አረጋገጡ።

ጋሽ ግራም ግን ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ወዴት ነው የምትሄደው? ገበያ ልትገዛ ይሆናላ። ሰው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ምን አገባው?

ጀልባዋ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ቆመች። ከዚያ ዘገምተኛ ሆነች፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው። ሽንኩርት ተራ ገባች። በጫማ ሰፊዎቹ በኩል ታጠፈች። አንድ ጊዜ መንገድ ስታ ግድግዳ ውስጥ የገባች መሰለች፤ ተመለሰች።

«ኧረ ወደ ዓሣው ቤት ነው የምትሄደው!» ሲል ጮኸ የባቡር ሠራተኛው። እሱ የሚናገረው ሁሉ ጩኸት ነው። «አንተ ፈዛዛ! ትናንት ቤትህን አስተካከልክ፣ ዛሬ አድራሻህን አገኘች! ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ሊቀመንበሩ በሙሉ ድምፅ እስኪወስኑልህ?»

ጋሽ ግራም ያኔ ገባው። ቤቱን ሲያርም እሱ ደጃፉን የዘጋ መስሎት ነበር፤ ለካ ቁልፉን ነው የሰጣት። ወንበሩ ሲወድቅ አልሰማም። ባርኔጣውን ትቶ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ።

ኋላ እንደነገሩት ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ከማኅበሩ ክፍል አንድ ትንሽ ሰው ፈትለክ ሲል ኃላፊዋ «ይሄኛው ማን ነው?» ብላ ጠይቃለች፤ ሊቀመንበሩም «ነፍስ አድን ሠራተኛ» ብለው መልሰዋል። በሕይወታቸው እንዲህ ወደ እውነት ተጠግተው አያውቁም።

ጋሽ ግራም ገበያውን ሲያቋርጥ ሚዛን በግራ፣ ሚዛን በቀኝ ነበር። ዘንበል ያለ ነበር፣ ቀና ያለ ነበር፤ አንዱንም አላየ።

«ጋሽ ግራም!» አለችው ቲማቲም ሻጯ አውራ ጣቷን በድንጋጤ እያነሳች። «ሚዛኔን ምን አልከው?»

«ደህና ነው! ደህና ነው!» ብሏት አለፈ። ወሬው ተራ ለተራ ተዳረሰ፤ ያን ቀን ነጋዴው ሁሉ አውራ ጣቱን እንደልቡ አሳረፈ።

ደጃፉ ሲደርስ ትንፋሹ ከሱ ቀድሞ ገብቷል። እህቱ መወልወያ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ከፊቷ አንዲት ሴት አለች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷን ፀሐይና ውሃ ያጠቆረው፣ እግሯ ቦት ጫማ ውስጥ፣ በአንድ እጇ አንቴናዋ የቆመ ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ይዛለች።

«ግቢ ብላት አልገባም አለች» አለች እህትየው። «ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልረግጥም ትላለች። ከሩቅ መጥታ ታደርቀኛለች!»

ሴትየዋ ዞረች። እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ግራም ዓይኑን እጇ ላይ ባለው ሬዲዮ ላይ ጣለ።

«ምልክትዎን… ሰው አላደረጉትም» አለ። «ጀልባ ሆነው ነው የመጡት።»

«ሰው ሆኜ ብመጣ በምን ያውቁኛል?» አለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ከሞተር ጋር ሲወዳደር የኖረ ድምፅ ነው። ከዚያ ቁልቁል እግሯን አየች። «ጫማ ላውልቅ?»

ጋሽ ግራም በትከሻዋ አሻግሮ ወደ ሳሎኑ ተመለከተ። እህቱ ጀልባዋ ሽንኩርት ተራ ስትገባ ስክሪኑ ላይ አይታ፣ በጥድፊያ ቤቱን በሙሉ ወልውላዋለች። ውሃው ገና ያብለጨልጫል።

«አያውልቁ» አለ፣ ሳቁ እያነቀው። «እውነትም ወለሉ እርጥብ ነው።»

ሴትየዋ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ሳቀች። በቦት ጫማዋ እንዳለች ገባች፣ እርጥቡን ወለል እየረገጠች፤ እህትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የወለወለችውን ወለል በረገጠባት ሰው ላይ አልጮኸችም።

ገና ሳይቀመጡ የእጅ ሬዲዮው ጢው አለ። ባለጀልባዋ አነበበችው። ከማኅበሩ ነው፤ «ጀልባና ቤት በአንድ ነጥብ ተደራርበው ካርታው ሊነበብ አልቻለም። ከሁለቱ አንዱ በአስቸኳይ ይነሳ። ሊቀመንበሩ።»

«ምን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀችው።

ጋሽ ግራም ወንበሩን ሳበላት፤ ሚዛን በሚያቃናበት ጥንቃቄ፣ ከራሱ ወንበር አጠገብ አቆመው።

«ተቀብያለሁ በያቸው» አላት፣ «አንቺ ግን እዚያው ቁጭ በይ።»